የሆቭላንድ ኮሌጅ ወዳጅና ተማሪ፣ ወይዘሮ አርዲስ ቶለፍሰን

ወይዘሮ አርዲስ ማሪ ቶለፍሰን ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ብሬኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲግኒ ብሬኬ፣ አዮዋ ውስጥ ከሆቭላንድ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1938 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አንድ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በቆሎ የሚዘሩና አሳማ የሚያረቡ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ላሞቹን፣ ዶሮዎቹን፣ የጓሮውን አትክልትና ባላቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል ያወጡት እናትየው ራሳቸው ናቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በገጠሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሆቭላንድ ከተማ ተከታተሉ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በየማለዳው የሚያልፈው ኮሌጁ ባለበት ኮረብታ ሥር ስለነበር፣ አርዲስ ሁልጊዜ የሚቀመጡት በዚያ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ነበር። መጽሐፍ ታቅፈው እየተከራከሩ የሚሄዱትን ተማሪዎች ያዩና፣ ምን እንደሚያከራክራቸው ለማወቅ ልባቸው ይሰቀል ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጋር ሆነው ኮሌጁ ለከተማው ሕዝብ ያዘጋጀውን ንግግር ለመስማት ሄዱ። መምህሩ ስለ ከዋክብት አንድ ሰዓት ሙሉ ካስረዱ በኋላ፣ ከታዳሚው አንድ ጥያቄ ቢነሣ «አላውቅም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው መለሱ። አርዲስ ቤታቸው ሲደርሱ ለእናታቸው የነገሩት ስለ ከዋክብቱ አልነበረም።

«እማዬ፣ እዚያ ኮሌጅ ውስጥ አላውቅም እያለ ደሞዝ የሚበላ ሰው አለ» አሉ።

አባታቸው ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ፣ «እሱ ሥራማ እኔንም አያቅተኝም። ደሞዙን ወደዚህ ይላኩልኝ» አሉ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ አርዲስ ግን ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። ሆቭላንድ ኮሌጅ ገብተው መማር ፈለጉ። አንድ ሙያ ለመያዝ አልነበረም፤ ታሪኩንም፣ ፍልስፍናውንም፣ የከዋክብቱንም ነገር ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ለማወቅና፣ ያላወቁትንም «አላውቅም» ለማለት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የሆቭላንድን ሰው ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ተወልዳችሁ ያደጋችሁበት ስለሆነ ደንብ መሆኑንም አታውቁት ይሆናል። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው ምራታቸው ሮበርታ ግን ከኒው ጀርሲ የመጣች ናትና አፍራ ነው የተማረችው። ሆቭላንድ ውስጥ ሰው አንድ ነገር ሲቀርብለት መጀመሪያ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ ብቻ» ብሎ ይቀበላል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ስግብግብ ይባላል፤ ሦስተኛውን ሳይጠይቅ የቀረ ደግሞ ቋጣሪ ይባላል። ሮበርታ በእጮኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ እራት የተጋበዘች ዕለት፣ ወይዘሮ አርዲስ ፍራፍሬ የተሞላበት ትኩስ ኬክ፣ ፓይ፣ ቢያቀርቡላት «በደስታ!» ብላ ተቀበለች፤ ማዕዱም ጸጥ አለ። አማቷ አቶ መርል ብቻ፣ «ተመስገን፤ በዚህ ቤት ፓዩን ሳይቀዘቅዝ የሚበላ ሰው ተገኘ» ብለው አዳኗት።

በ1956 የጸደይ ወራት፣ አርዲስ ሁለተኛ ደረጃን ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ሊጨርሱ ሲሉ መልካም ዜና መጣላቸው። አንዲት ባለጸጋ ሴት ሲሞቱ «ለአካባቢው የገበሬ ልጅ መማሪያ ይሁን» ብለው ለኮሌጁ በተናዘዙት ገንዘብ እንዲማሩ ታጭተው ነበር። ዜናውን ይዘው ወደ እርሻው የመጡት የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊው ሚስተር ፕሬስኮት ዌልስ ሲሆኑ፣ ከቦስተን ከመጡ ገና አንድ ክረምት መሻገራቸው ነበር። ወይዘሮ ሲግኒ ሩባርብ ከሚባለው ጎምዛዛ የጓሮ ተክል የተሠራ ፓይ አቀረቡላቸው፤ እርሳቸውም በመጀመሪያው ግብዣ ተቀብለው በሉ። ይህ ነገር ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

«ሚስ ብሬኬ፣ ኮሌጃችን አራቱንም ዓመት ሊያስተምርዎ ይፈልጋል። እርስዎ የሚከፍሉት ነገር አይኖርም» አሉ ሚስተር ዌልስ።

አርዲስ፣ «አይ፣ ይሄማ ለእኔ ይበዛል። ከእኔ የሚሻል ተማሪ አይጠፋም» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኧረ አይቸገሩ። እናቴንም የሚያግዛት የለም።»

ሚስተር ዌልስ ወላጆቹን አየት አደረጉ። አቶ ኢንግቫልድ እንደ ደንቡ ጠረጴዛውን ያያሉ፤ ወይዘሮ ሲግኒም እንደ ደንቡ የፓዩን ሳህን ያስተካክላሉ። እንግዳው ትንሽ ጠበቁና፣ «ውሳኔዎን አከብራለሁ» ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የአባትየውን እጅ ጨብጠው ወጡ።

ሦስቱ ብሬኬዎች ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ሦስተኛው ጥያቄ ገና ነበረ።

«ደጁ ላይ ይሆናል የሚጠይቀው» አሉ ወይዘሮ ሲግኒ።

የመኪናው ሞተር ተነሣ።

«ይመለሳል። መቼም እንዲህ ተብሎ አይኬድም» አሉ አቶ ኢንግቫልድ።

ሚስተር ዌልስ አልተመለሱም። ስልክ ደውሎ «ኧረ እሺ ለማለት ነበር» ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ይመስላል። ለእነርሱ ግን እምቢ ያሉትን ነገር መልሶ መለመን ነውር ነበር፤ ይሉኝታ አፋቸውን ያዘው። ወይዘሮ ሲግኒ በዚያ ሳምንት ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥተው ሁለቱንም ጊዜ ሳይደውሉ መልሰውታል። ዕድሉ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሚስተር ዌልስም ምን እንዳደረጉ ሳያውቁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወይዘሮ አርዲስ በሰውየው ተቀይመው አያውቁም። «ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ጨዋነታቸው የሌላ አገር ሆነ እንጂ» ይሉ ነበር። ያን በጋ ግን የላሞቹ በረት ውስጥ እየገቡ ብዙ አልቅሰዋል።

በ1957 በኮሌጁ የተማሪዎች መመገቢያ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። በፊት ለፊቱ በር መግባት ባይሆንላቸው በወጥ ቤቱ በር ገቡ። ሾርባ እየቀዱ ተማሪዎቹ የሚከራከሩበትን ይሰሙ ነበር፤ ክርክሩ ሲጥማቸው ጭልፋቸውን ይዘው ይቆሙ ስለነበር ሰልፉ ይረዝም እንደነበረ የሥራ ባልደረቦቻቸው ይናገሩ ነበር። እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ሕንጻዎቹን በእንፋሎት የሚያሞቁትን ትልልቅ ማሞቂያዎች ከሚያንቀሳቅሱት ከአቶ መርል ቶለፍሰን ጋር ተዋወቁ። አቶ መርል በአንድ በጋ ውስጥ ሦስት ጊዜ ላግባሽ ብለው ጠይቀዋቸዋል። ሦስተኛውን ሲጠይቁም፣ «አትስጊ፤ እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ እንጂ ሚስተር ዌልስ አይደለሁም» አሏቸው። በሴፕቴምበር 1959 ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1961 ወንድ ልጃቸውን ሎዌልን፣ በ1964 ደግሞ ሴት ልጃቸውን ጃኔልን ወለዱ። ከኮሌጁ በር ትይዩ ያለውን፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ባለ አረንጓዴ በር ቤትም ገዙ።

ቤቱ የተማሪ ቤት የሆነው በ1968 የምስጋና ቀን ነው። በረዶ መንገዱን ሁሉ ዘግቶ፣ ወደየቤታቸው መሄድ ያልቻሉ ተማሪዎች መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቀርተው ነበር። አቶ መርል ከማሞቂያው ክፍል ደውለው፣ «እዚህ የቀሩ ልጆች አሉ። ምሳቸው ደረቅ ብስኩት ነው» ቢሏቸው፣ ወይዘሮ አርዲስ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አምጣቸው እንጂ» አሉ። ለበዓሉ የተጠበሰው የቱርክ ዶሮ ለአምስት ሰው የታሰበ ቢሆንም ለአሥራ ሰባት ሰው በቃ። አቶ መርል የበሉት አንገቱን ነው። እያጉረመረሙ ነው የበሉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ራሳቸው ሄደው ሁለት የቱርክ ዶሮ ገዝተው መጡ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አርዲስ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው «የኮሌጁ ወዳጆች» የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር መሠረቱ። ከሞቃት አገር ለሚመጡ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የክረምት ኮት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ሰበሰቡ። በፈተና ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ሾርባ አደሉ። ቤተሰቡ ለምረቃ ሊመጣለት ላልቻለ ተማሪ፣ ከማኅበሩ አንዲት እናትና አንድ አባት ተመድበው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭቡለት ነበር። አቶ መርል የብዙ ልጆች አባት ሆነው አጨብጭበዋል፤ በፉጨትም ይታወቁ ነበር። የዚህ ሁሉ ሥራ ሕግ አንድ ነበር፤ ማንም ተማሪ አይ ቢል ሦስት ጊዜ ሳይጠየቅ አይለቀቅም። በዚህም ምክንያት ሆቭላንድ ኮሌጅ ውስጥ የበረደው ተማሪ አልነበረም። አንዳንዱ እንዲያውም ሙቀት በዝቶበት ያልበው ነበር።

ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰቡም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ጥርሱን ለታመመ፣ መነጽሩ ለተሰበረበት፣ ወላጅ ሞቶበት አገሩ መግቢያ ላጣ ተማሪ የሚውል ገንዘብ ነው። በ1983 ኮሌጁ ለዚሁ ሥራ ከቺካጎ የቀጠረውን ክሌይተን የተባለ ወጣት ይዘው ወደ ዘር ነጋዴው ወደ አቶ ኦርቪል ስተንስሩድ ቤት ሄዱ። ክሌይተን ነገሩን አሳምሮ አስረዳ። አቶ ኦርቪል «ዘንድሮ አይመችም» አሉ። ክሌይተን አመስግኖ ሊነሣ ሲል ወይዘሮ አርዲስ በኮቱ ጫፍ ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

«ወዴት ነው? ገና መች ተጀመረና» አሉት በሹክሹክታ።

ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ አሳማ ዋጋ ተወራ። ስለ አቶ ኦርቪል ጉልበት ሕመም በሰፊው ተወራ። ሁለተኛ ሲጠየቁም «ኧረ እኔ ምን አለኝና» አሉ። በመጨረሻ እንግዶቹ ለመሄድ ተነሥተው፣ ደጁ ላይ ቆመው ሌላ ግማሽ ሰዓት ከተጨዋወቱ በኋላ፣ ወይዘሮ አርዲስ የበሩን እጀታ እንደያዙ «እንግዲህ ኦርቪል፣ ልጆቹ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው» አሉ።

«እንግዲህ ካልሽ» ብለው አቶ ኦርቪል ከደረት ኪሳቸው ቼክ አወጡ። ቼኩ ጠዋት ተጽፎ የዋለ ነበር።

ክሌይተን መኪና ውስጥ፣ «ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ አልሰጡንም?» ቢላቸው፣ «ገንዘቡ ተርፏቸዋል እንዳይባሉ ነዋ» አሉት። ክሌይተን ለአንድ ዓመት ብሎ መጥቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ዛሬም እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

በ1987 ከኒው ሜክሲኮ ደልፊና ባካ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጣች። ወይዘሮ አርዲስ ኮት ሲሰጧት «አለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እንደ ልማዳቸው ደገሙ፣ ሠለሱ። ለእርግጠኝነት አንድ ጨመሩ። በአራተኛው ደልፊና ተሸንፋ ወሰደች። ለካ ሦስት ኮት ነበራት።

«እማማ አርዲስ፣ በእኛ አገር እኮ አይ ማለት አይ ማለት ነው» አለቻቸው ከወራት በኋላ፣ በባለ አረንጓዴ በሩ ቤት እሑድ ምሳ እየበላች።

«ታዲያ ሰው የሚፈልገውን በምን ታውቃላችሁ?»

«እንጠይቀዋለን፤ ይነግረናል።»

ወይዘሮ አርዲስ «ጉድ ነው» አሉ። ለአንድ ሳምንት ያህልም ሲያስቡበት ሰነበቱ።

ደልፊና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አባቷ በድንገት ታመው አልጋ ያዙ። ልጅቱ ትምህርቷን ትታ ልትሄድ ዕቃዋን ሸከፈች። የጉዞዋን ወጪ የአቶ ኦርቪልና የመሰሎቻቸው ገንዘብ ሸፈነው፤ ወይዘሮ አርዲስና አቶ መርል ደግሞ በረዶ በጋገረው መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዘዋት ሄዱ። መንገድ ላይ ወይዘሮ አርዲስ ለውጭ ሰው ነግረው የማያውቁትን የሚስተር ዌልስን ነገር አጫወቷት። ከዚያም ወደ ኋላ ዞር ብለው ጠየቋት።

«ኮሌጁ ቦታሽን እንዲያቆይልሽ ዲኑ ጠይቆሻል?»

«ጠይቆኛል። አይ፣ ለሌላ ሰው ስጡት አልኩት።»

«እንደ እናንተ አገር አይ ነው ወይስ እንደ እኛ?»

ደልፊና ማልቀስ ጀመረች። «እንደ እናንተ ነው መሰለኝ» አለች።

ከዓመት በላይ በዚያ ማዕድ ስትበላ ደንቡ ሳይታወቃት ተጋብቶባት ኖሯል። አቶ መርል የመኪናውን ማሞቂያ ከፍ አደረጉት። ወይዘሮ አርዲስ ግን አውሮፕላን ማረፊያው እንደደረሱ የሕዝብ ስልክ ጋ ሄደው ለዲኑ ደወሉ። በሕይወታቸው ለማንም ሰው እንዲህ ደውለው አያውቁም። «ልጅቱ እሺ ብላለች። ተሳስታ ነው አይ ያለችህ፤ ጥፋቱም የእኛ ነው» አሉት። ቦታው ተጠበቀላት። አባቷን አስታማ፣ ቀብራ፣ በሚቀጥለው መስከረም ተመለሰች፤ በ1992ም ተመረቀች። በፍልስፍና የዶክትሬት ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ በ2001 መምህርት ሆና ወደዚሁ ኮሌጅ መጣች። እሑድ እሑድ ምሳም ቀጠለ።

ወይዘሮ አርዲስ ባለቤታቸውን በካንሰር ሕመም ሁለት ዓመት አስታመው በ2011 ቀበሯቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰፋባቸው። ለተማሪዎች ማብሰሉን አልተዉም፤ ምግቡ ግን ጨው እየበዛበት መጣ፣ እርሳቸውም በማዕዱ መካከል ነገር እየጠፋባቸው ዝም ማለት አዘወተሩ። እኛ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ብንጠይቃቸው «አይ» አሉ። ሁለተኛም ጠየቅናቸው። ሦስተኛውን ልንጠይቅ በተዘጋጀንበት እሑድ፣ ኤፕሪል 2013፣ ደልፊና ቀደመችን።

ሹካዋን አስቀመጠችና፣ «እማማ አርዲስ፣ በመስከረም ክፍሌ ገብተው ይማራሉ? በእንግድነት አይደለም፤ ተመዝግበው፣ ተፈትነው፣ ውጤት ተቀብለው» አለች። ቀጥላም፣ «በእኔ አገር ደንብ ነው የምጠይቅዎ። አንድ ጊዜ ብቻ» አለች።

ደልፊናን የሚያውቃት ሁሉ እንደማትደግመው ያውቃል። ሎዌል ማኘኩን አቆመ። ሮበርታ በአማቷ ፈንታ እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ ባሏ ሎዌል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። የወይዘሮ አርዲስ አፍ «አይ» ለማለት እንደ ተዘጋጀ ከሁላችንም ፊት ይታይ ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ነገር ነው፤ ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የጠበቁት ጥያቄ መጥቶ ፊታቸው ቆሟል፤ ይሄኛውም እንደ ሚስተር ዌልስ ባርኔጣውን አንሥቶ የሚሄድ ነው። እስከ አንገታቸው ድረስ ቀሉ።

«እሺ» አሉ።

ወዲያው ባዶ ሳህን አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ሎዌል ተከትሎ ቢገባ የሳህን ማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው ሲያለቅሱ አገኛቸው።

«ምን ሆንሽ፣ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩ» አሉት። «እንዲህ ቀላል ኖሯል እንዴ።»

የትምህርቱን ክፍያ በማዕዳቸው ያደጉ የቀድሞ ተማሪዎች ከየአገሩ አዋጥተው ከፈሉ። ከሲያትል፣ ከማኒላ፣ ከአክራ ገንዘብ መጣ። ይፈቅዱ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም እየተግደረደሩ ነበር።

እነሆ ወይዘሮ አርዲስ በሰባ አምስት ዓመታቸው የሆቭላንድ ኮሌጅ ተማሪ ሆኑ። በየወቅቱ አንድ አንድ ኮርስ ይወስዱ ነበር። በመጀመሪያ ጽሑፋቸው ሲ ማይነስ አገኙ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ በቤታቸው ምሳ የበላች መምህርት እንዴት ሲ ትሰጣለች ብለን እኛ ተቆጣን፤ እርሳቸው ግን ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። «አየህ፣ አላዳላችልኝም። የእውነት ተማሪ ነኝ» ይሉ ነበር። ክፍል ውስጥ ሐሳብ ሲሰጡ መጀመሪያ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል»፣ ቀጥሎ «ሌላ ሰው ቢናገር ይሻላል» ይሉ ስለነበር፣ ደልፊና በሁለተኛው ጽሑፋቸው ኅዳግ ላይ «በመጀመሪያው ይናገሩት» ብላ በቀይ ጻፈችላቸው። ቀስ በቀስ ለመዱት፤ እንዲያውም ለማቋረጥ የሚያስቸግሩ ተከራካሪ ሆኑ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የክፍል ጓደኞቻቸው ያለ ማዕረግ «አርዲስ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ በዚህ ይኮሩ ነበር። አንዱን ጎረምሳ «ያነበብከው ሌላ መጽሐፍ መሆን አለበት» ብለው ክፍሉን እንዳሳቁበት እርሱ ራሱ ትናንት ነግሮናል። ከዚያ በኋላ ምግቡም ጨው አልበዛበትም።

በ2019 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቤታቸው ድረስ መጥተው የክብር ዲግሪ ሊሰጧቸው ጠየቁ። እምቢ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ደንቡን የተማሩ ሰው ነበሩና ደገሙ፣ ሠለሱም። ወይዘሮ አርዲስ በሦስተኛው፣ «ጌታዬ፣ ይሄኛው የእውነት እምቢ ነው። በዘጠና አንድ ዓመቴ ተምሬ እመረቃለሁ፤ አያቋርጡኝ» አሏቸው።

ባለፈው የመኸር ወራት የልብ ሕመም ጸናባቸው። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው የክፍል ጓደኞቻቸው ትምህርቱ ወደ ምድር ቤቱ ክፍል እንዲዛወር አደረጉ። በጃንዋሪ ሆስፒታል ሲገቡ መጽሐፋቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ላልጨረሱት ጽሑፍ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቀው ደልፊና ሁለት ሳምንት ሰጠቻቸው። አንድ ቀን እንኳ መጨመሯን አልወደዱትም፤ «ለሌሎቹ የሰጠሽው አሥር ቀን ነው» ብለው ተከራከሯት። የተሰጣቸው ጊዜ ሳያልቅ፣ ልጆቻቸውና ደልፊና አጠገባቸው እንዳሉ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ አርዲስ ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። በማዕዳቸው የበሉትን፣ በሰጧቸው ኮት ክረምትን ያሳለፉትን፣ በምረቃቸው ቀን ያጨበጨቡላቸውን ልጆች መቁጠሩን እንተወው፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ስለማይበቃን ነው ብዙዎቻችሁ ደጅ የቆማችሁት።

ባለፈው ሰኞ ከኮሌጁ የመዝገብ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። አንድ ተማሪ በትምህርት ላይ ሳለ ሲሞት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ የተማሪውን ዕድሜ አያይም። እንዲህ ይላል፦

«ለተማሪ አርዲስ ማሪ ቶለፍሰን ወላጆች። ልጃችሁ በኮሌጃችን ትምህርቷን በመከታተል ላይ ሳለች ከዚህ ዓለም በመለየቷ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። ልጃችሁን በአደራ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። እዚህ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ የእኛ ተማሪ ነበረች።»

በማግስቱ ከቢሮው አንዲት ሠራተኛ ደንግጣ ደወለች፤ ስሕተት ነው፣ ደብዳቤውን መልሱልንና ለቤተሰቡ የሚገባውን እንጽፋለን አለች። ስልኩን ያነሣው ሎዌል ነበር።

«ስሕተት የለበትም። ለማን እንደተጻፈ እናውቃለን፤ እኛው እናደርሰዋለን» አላት።

ዛሬ ወይዘሮ አርዲስ የሚያርፉት አቶ መርልም ባረፉበት በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን መቃብር፣ በወላጆቻቸው በአቶ ኢንግቫልድና በወይዘሮ ሲግኒ ብሬኬ መካከል በተተወላቸው ስፍራ ነው። ደብዳቤው በእጃቸው ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የእናታችንን ነፍስ በቤቱ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለልጆቻቸውና በእጃቸው ለበሉ ሁሉ መጽናናቱን ያድለን። አሜን።